እማዬ እስክትበረታ

ካምፓላ፣ ሰኔ 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለማቲዎስ፤

ወጉ ይድረስና፣ እንዴት ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ ልልህ ነበር፣ ግን ደክሞኛል። በስልክ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ስል ስለምውል ወረቀት ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ።

በስልክ ለምን አትነግሪኝም ላልከው፣ እንዴት አድርጌ? ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ስልኬ ከእኔ ይልቅ እማዬ እጅ ይውላል። ስትደውል ቀድማ የምታነሣው እሷ ናት፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምታወራው፣ መልእክት ሲገባም መነጽሯን አድርጋ ታነባለች። ስለዚህ ታፈሰን ለመንኩት። እንቴቤ የአየር መንገዱ ጭነት ክፍል የሚሠራው ነው። የሰው በረራ ቢቆምም ጭነቱ አልቆመም፣ ለአንዱ የበረራ ሠራተኛ ሰጥቶ ያደርስልሃል። አንተም መልሱን በዚያው መንገድ ላክልኝ።

እማዬ ገና አልሰማችም። ወንድማችን ስምኦን የሚነዳው ከባድ መኪና ሚሌ ላይ ተገልብጦበት ካረፈ፣ እናንተም ከቀበራችሁት ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ነው። እሷ ግን አሁንም ልጄ ጋላፊ ድንበር ላይ ኳራንቲን ገብቷል፣ ስልኩን ወስደውበታል ብላ ነው የምታምነው። ኳራንቲን የሁለት ሳምንት ነገር እንደሆነ በዜና ሰምታ «ታዲያ ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። «አንድ ሹፌር በተያዘ ቁጥር ለሁሉም ከአዲስ ይቆጠርባቸዋል» አልኳት። አየህ፣ ያቀበልከኝን ውሸት ይዤ ብቻ አልተቀመጥኩም፣ እያሳደግኩት ነው።

ለሦስት ሳምንት ጥየቃ የመጣች ሴት ኤርፖርት ተዘግቶባት እዚሁ ቀረች። አትተኛም። እግሯን ያማታል። ማቶኬ የሚሉትን የሙዝ ገንፎ ስሠራላት ሁለቴ ትጎርስና ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች። ያ የልቧ መድኃኒት፣ ደም ማቅጠኛው፣ ሰው በደንብ ካልበላ ልኩ ይዛባል። በየሳምንቱ ክሊኒክ ወስጄ ደሟን አስለካለሁ።

ጋሼ መኮንን፣ እንደ ወንድሟ፣ ያለ ዘመድና ያለ ቄስ መርዶ አይነገርም ማለታቸው ደርሶኛል። እኔም ወጉን አውቀዋለሁ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኩቶ፣ ግራና ቀኝ ተይዛ ነው መስማት ያለባት። ግን እዚህ እስኪነጋ ሰዓት እላፊ ነው። ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ሰው አይጭንም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ነው፣ ያሉት ጥቂት ሐበሾችም በራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። የቱ ዘመድ ነው መጥቶ የሚያንኳኳው? እስቲ ጠይቅልኝ፣ እስከ መቼ ነው?

ስለ ቀብሩም ምንም አልነገርከኝም። ማን ነበር? እንዴት ሆነ? አንተስ ጥቁር ለብሰሃል ወይ?

እህትህ ሔሊና

*

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 17 ቀን 2012 ዓ.ም.

እታለም፤

እንዴት ነሽ? የዘገየሁት በቸልታ አይደለም። ወረቀቱን አውጥቼ እቀመጥና ሳልጽፍ ይመሻል። ይቅር በይኝ።

ስለ ቀብሩ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ድንኳን እንዳልተጣለ ብቻ እወቂ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል፣ ጎረቤት እንኳ በር ላይ ቆሞ በምልክት አጽናንቶን ነው የሄደው።

ጥቁር ለብሰሃል ወይ ላልሽው፣ ለብሻለሁ። እማዬ በቪዲዮ ስትደውል ሰማያዊውን ሸሚዝ በላዩ እደርባለሁ። ባለፈው አንገቴ ጋ ጥቁሩ ታያትና «ምነው ደራረብክ፣ በርዶሃል?» አለችኝ። አዎ፣ ክረምቱ ገብቷል አልኳት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሸሚዙን ሳላወልቅ ብዙ ተቀመጥኩ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ልኬያለሁ። አትቆጪ። ከካናቢስ የሚወጣ ዘይት ነው፣ የሚያሰክረው ነገር ተለይቶ ወጥቶለታል ይላሉ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ለእናቱ ከውጭ አስመጥቶላት እንቅልፏም ምግቧም ተመልሶላታል። ሰውነታችን ውስጥ ራሱ እንዲህ ያለ ሥርዓት አለ፣ ዘይቱ እሱን እያጠራቀመ ያጠነክረዋል ብሎ አስረዳኝ። አንቺ ይህንን ታስተምሪ የለም እንዴ? እውነት ከሆነ ከምላሷ ሥር ጠብ ጠብ አድርጊላት።

መጀመሪያ ትበርታ ነው የምለው። ትተኛ፣ ትብላ፣ ትንሽ አቅም ታጠራቅም፣ ከዚያ ይነገራታል። የጋሼ መኮንንም ሐሳብ ይኸው ነው፣ የደከመ ሰው መርዶ አይችልም ይላሉ። እኔም እፈራለሁ ሔሉ።

ወንድምሽ ማቲዎስ

*

ካምፓላ፣ ሰኔ 30 ቀን 2012 ዓ.ም.

ማቲዬ፤

ጠርሙሱ ደርሶኛል። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፣ እዚያው ይቀመጣል።

ምክንያቱን ስማ። ዘይቱ ጉበት ውስጥ ገብቶ ደም ማቅጠኛው ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ ይበዛል፣ ከዚያ ሳናውቀው አንድ ቦታ መድማት ይጀምራል። ጭንቅላቷ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ ላይ ይህ አልተጻፈም፣ ውስጡ ምን ያህል እንዳለም በውል የሚያውቅ የለም። የጓደኛህን እናት ከጠቀማት ደስ ይለኛል፣ ግን እሷ እንደ እማዬ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ አትውጥም። ደግሞ ለእናትህ መድኃኒት ስትልክ እህትህን ቀድመህ ብትጠይቅ ምን ነበረበት? እሺ፣ ይብቃኝ፣ ቁጣዬን ጨርሻለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት አለን። ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ከተዘጋ ወዲህ የማስተምረው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ያስተማርኩትም ይህንኑ ነበር። እማዬ ከኋላዬ አልጋው ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ቆይታ «ማንም ሳይመልስልሽ እንዲህ ስትለፈልፊ አይደክምሽም?» አለችኝ። ይደክመኛል አልኳት።

ኢንዶካናቢኖይድ ይባላል። ስሙን ከካናቢስ ያገኘው ተመራማሪዎች ተክሉ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሲፈልጉ ስለደረሱበት ነው። ተክሉን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰውም አለው። እማዬ አላት፣ ጋሼ መኮንንም አላቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው መልእክት ይልካል፣ ሕመም ይሁን ድንጋጤ ይሁን። መልእክቱ ሲበዛበት ተቀባዩ ሕዋስ ዝም ብሎ አይሸከምም። ከገዛ ሽፋኑ ላይ ስብ ቆርሶ አንድ ነገር ይሠራና ወደ ኋላ፣ ወደ ላኪው ይመልሳል። ላኪው ላይ ይህን ነገር የሚይዝ ተቀባይ አለ፣ ያን ጊዜ መላኩን ይቀንሳል። «በቃ፣ ሰምቻለሁ» እንደማለት ነው። ከዚያ የተሠራው ነገር ወዲያው ፈርሶ ያልቃል። ሕመም ጋብ የሚለው፣ እንቅልፍ የሚመጣው፣ ምግብ የሚያምረን፣ ያስደነገጠን ነገር ቀስ በቀስ የሚለዝበው በከፊል በዚህ ነው። በሽታ የሚከላከሉት ሕዋሶች ላይም ሌላ ዓይነት ተቀባይ አለ፣ ቁስለትና እብጠት ከልኩ እንዳያልፍ ያግዛል። ብቻውን ሁሉን ያደርጋል አልልህም፣ ሰውነት ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ነገር የለም።

እንግዲህ ይህችን ረጋ ብለህ አንብባት። አይጠራቀምም። ሌሎች የነርቭ መልእክተኞች ቀድመው ተሠርተው በከረጢት ይቀመጣሉ፣ እነዚህ ግን የሚሠሩት ነገሩ ሲመጣ፣ በዚያው ቅጽበትና በዚያው ቦታ ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ትበርታ» የምትሉት ነገር አይገባኝም። የምን መበርታት? ድንጋጤዋን የሚያለዝበው ነገር ድንጋጤው ሳይመጣ ተሠርቶ አይጠብቃትም። ይልቅ ጭንቀት ሲረዝም ሥርዓቱ ራሱ ይዳከማል። ይህ በብዛት የታየው በአይጥ ነው፣ አይጥ ደግሞ ለቅሶ አትቀመጥም፣ ስለዚህ እንደ ወንጌል አትያዘው። እኔ ግን እማዬ በየቀኑ ስታልቅ እያየሁ ነው፣ አይጥ አላስፈለገኝም።

በእግር መሄድ ይህን ነገር በሰውም ላይ ከፍ እንደሚያደርገው ታይቷል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በጋባ መንገድ ይዣት እወጣለሁ። ትንሽ እንሄድና እግሯን ሲያማት ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ብላ ሹፌሩን ታያለች። እኔ ያን ጊዜ ስልኬን የማይ እመስላለሁ።

ለጋሼ መኮንን አንብብላቸው። ይፍቀዱልኝ።

ሔሊና

*

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

እታለም፤

ስለ ጠርሙሱ ይቅርታ። ልገድላት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሐሳብ አልለቀቀኝም፣ እባክሽ አውጥተሽ ድፊው።

የጻፍሽውን ለጋሼ መኮንን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ሰውነቷን ሔሊና ታውቀዋለች፣ እህቴን የማውቃት ግን እኔ ነኝ» አሉ። ኤርፖርቱ እስኪከፈት ይቆይ፣ ከአንተና ከአንድ ቄስ ጋር ሄጄ ራሴ እነግራታለሁ ብለዋል። መቼ ይከፈታል ስላቸው እግዚአብሔር ያውቃል አሉኝ። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው፣ ምን ልበላቸው?

አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ማክሰኞ ዕለት እማዬ ደወለች፣ አንቺ ትምህርት ላይ ነበርሽ። «ድምፁን ብቻ አሰማኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። አለቀሰች። እሺ አልኳት። ከስምኦን የመጡልኝን የድምፅ መልእክቶች ፈልጌ አንዱን በስልክሽ ላክሁላት፣ ከኳራንቲን በሰው ስልክ የላከው ነው ብዬ። «ደህና ነኝ፣ እማዬን ሳምልኝ፣ ስለ ብርድ ልብሱ አመስግንልኝ» ይላል። እኔ ሳልሰማው ነው የላክሁት ብል ውሸት ነው፣ ሰምቼዋለሁ። ደስ ብሏት እንደሆነ ጻፊልኝ።

ማቲዎስ

*

ካምፓላ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ማቲዎስ፤

ደስ ብሏት እንደሆነ ጠይቀሃል።

ትምህርቴን ጨርሼ ስወጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አገኘኋት። ደጋግማ ሰማችው። ከዚያ «ብርድ ልብሱን የሰጠሁት አምና በጥምቀት ሰሞን ነው» አለች። ይህን ብቻ። ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጣ ሄዳ ብርጭቆ አጠበች። የታጠበ ብርጭቆ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ስምኦን መጠየቅ አቁማለች። ስልክ ሲጮኽ «አንቺ አንሺው» ትለኛለች። በእግር እንውጣ ስላት ትወጣለች፣ ብዪ ስላት ትጎርሳለች፣ ተኚ ስላት ዓይኗን ትጨፍናለች። በምትጠይቀኝ ጊዜ መዋሸቱ ነበር የሚያደክመኝ። አሁን ምን እንደምታስብ አላውቅም፣ የምታስበውን ደግሞ ብቻዋን ነው የምታስበው። ይህን ልችለው አልቻልኩም።

አልቆጣህም። እኔም ብሆን እንዲያ ስታለቅስ ብሰማት እልክላት ነበር።

ቅዳሜ እነግራታለሁ። ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም፣ እንድታውቁት ነው። ሐኪሟን አማክሬያለሁ፣ ልቧንም ደሟንም አይቶ «ከመስማቷ ይልቅ እንዲህ ሳትተኛ መክረሟ ያሰጋኛል» ብሎኛል። እሱም አስተማማኝ ነገር አልሰጠኝም፣ የሚሰጥም የለም።

ብቻዬን አልነግራትም። ፌሩዝ ትመጣለች። ካባላጋላ ሰፈር ቅመም የምትሸጠው ኤርትራዊት ጎረቤቴ ናት፣ እማዬም ትወዳታለች፣ በትግርኛ ሲያወሩ ይውላሉ። ፌሩዝማ ከመጀመሪያው ተቆጥታኛለች፣ በእኛ ዘንድ መርዶ አያድርም ነው የምትለው። ታፈሰም ይመጣል። ድሮ ዲያቆን ነበር፣ ቄስ ባይሆንም ጸሎቱን ያውቀዋል። ከነገ ጀምሮ ቦዳም ሰው ይጭናል ተብሏል። በማለዳው አይሆንልንም፣ ሰዓት እላፊው አለ፣ አድረው ይንገሯት ቢባል ደግሞ እንግዳ ቤታችን ሲያድር ገና በዋዜማው ታውቃለች። ስለዚህ ረፋድ ላይ ይሆናል። ወጉ ጎደለ የሚል ሰው ካለ እኔ እወቀስ።

ቅዳሜ እደውልልሃለሁ። ሰማያዊውን ሸሚዝ አትደርብ።

ሔሊና

*

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሔሉ፤

እባክሽ ቅዳሜን አሳልፊው። ደውዬ ልለምንሽ ደጋግሜ ቁጥርሽን አውጥቼ ነበር፣ መልሼ ተውኩት። ታፈሰ ደብዳቤውን ዓርብ አደርስልሻለሁ ብሎኛል።

ያልሽው ሁሉ ትክክል ነው። አልሟገትሽም። ግን እሷ አንድ ነገር ብትሆን አንቺ እዚያ ነሽ፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ መንገዱ ዝግ ነው። ሁለተኛ ሬሳ መሸከም አልችልም። የመጀመሪያውን እንዴት እንደተሸከምኩት ጠይቀሽኛል፣ አልመለስኩልሽም፣ አሁንም አልመልስልሽም። ፈሪ በይኝ ከፈለግሽ።

አንድ ወር ብቻ ጨምሪልኝ።

ማቲዎስ

*

ካምፓላ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2012 ዓ.ም.

ማቲዬ፤

የሐምሌ 23 ደብዳቤህ የደረሰኝ ሰኞ ነው። በረራው ዘግይቶ ቅዳሜ አልፎ ነበር። በጊዜው ቢደርሰኝም የምሰማህ አይመስለኝም ነበር፣ ይህን ደብቄህ ምን ላተርፍ።

ቅዳሜ ደወልኩልህ፣ አላነሣህም። ደግሜ ደወልኩ። ጋሼ መኮንን ግን ስደውልላቸው አነሡ። ይቆጡኛል ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ይዤው ነበር፣ አልተቆጡም። «ስጪያት» ብቻ አሉኝ። ከእህታቸው ጋር ረጅም ጊዜ አለቀሱ፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላው እየጀመረ።

ስለዚያች ሰዓት አትጠይቀኝ። አንተም ስለ ቀብሩ አልጻፍክልኝም፣ እኩል ነን።

በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፣ ይቅርታ። መጀመሪያ ላይ ምንም አልቀመሰችም፣ የደሟ ልክ ተዛብቶ መድኃኒቷን መቀነስ ነበረብን። እግሯንም ብሶባት ነበር። ሰው ግን አልተለያትም። የኤርትራ ሴቶች ከካባላጋላ እየተፈራረቁ መጡ፣ የማላውቃቸው ሁሉ። ከላይ የሚኖሩት ኡጋንዳዊት ጎረቤቴ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ባቄላ ሠርተው ላኩ፣ ከእማዬ በቀር ሁላችንም በላን። ረቡዕ ቀን ከፌሩዝ አጠገብ ጋደም ብላ ስታለቅስ ቆይታ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የነቃችው። ሐሙስ ፌሩዝ ከጋባ ዓሣ አምጥታ ጠበሰችላት፣ ጭንቅላቱ እስኪቀር በላችው። ትናንት ደሟን ሲለኩላት ደህና ሆኗል። ሌቱን ግን አሁንም አትተኛም፣ ድናለች ብዬ እንዳልዋሽህ።

ያ የነገርኩህ ሥርዓት ነው ወይ ብለህ ታፌዝብኝ ይሆናል። አላውቅም። ማልቀሷ ይሁን፣ ሰው እሷን መያዙ ይሁን፣ ስብ እየቆረሰ የሚልከው ሕዋስ ይሁን፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሁን፣ ማን ለይቶ ያውቀዋል? ተማሪ ፈተና ላይ እንዲህ ቢመልስልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። ሳትሰማው ልትታመመው እንጂ ልታለቅሰው አትችልም ነበር።

ታውቅ ነበር ወይ ትለኝ ይሆናል። አልጠየቅኋትም፣ አልጠይቃትምም።

ዛሬ ጠዋት ወረቀትና እስክሪብቶ ስጪኝ አለችኝ። በስልክ ይሻልሻል ብላት፣ «አያነሣልኝም፣ እሱም እንደ እኔ ሆኗል» አለች። ጽፋ አጥፋ ሰጠችኝ። አላነበብኩትም። ከዚህ ጋር አለ።

እህትህ ሔሊና

*

ለልጄ ለማቲዎስ፤

እንዴት ነህ የኔ ልጅ? እኔ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት አለሁ። ፊደሉ ቢጣመም አትፍረድብኝ።

ሔሊናን አትቀየማት። ሁለታችሁንም አልተቀየምኳችሁም። መኮንንም ይቅርታ ጠይቆኛል፣ ምን ይቅር እለዋለሁ፣ ለእኔው ብሎ ነው። የወለደ ሰው ልጁ ሲሞት በለቅሶው ሊገኝ ይገባል፣ እኔ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ኳራንቲን እቆጥር ነበር። ይህ ያንገበግበኛል፣ ቢያንገበግበኝም በእናንተ አይደለም።

መኮንን ሁሉን ነገረኝ። መንገዱ ተዘግቶ ዘመድ ሊከተልህ ስላልቻለ ሚሌ ድረስ ብቻህን ሄደህ እንዳመጣኸው። መኪናውን ራስህ እየነዳህ፣ ወንድምህን ከኋላ አስተኝተህ። አንተ ይህን ሁሉ ይዘህ ስደውልልህ «ክረምቱ ገብቶ ነው የበረደኝ» ትለኝ ነበር።

ቅዳሜ ለእኔ ሦስት ሆነው ነው የነገሩኝ። ሔሊና በቀኝ፣ ፌሩዝ በግራ ይዘውኝ፣ ያ ታፈሰ የሚባል ልጅ ውኃ ይዞ ከፊቴ ተንበርክኮ። ልወድቅ ስል ያዙኝ። ከዚያም ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ሰው ከአጠገቤ አልታጣም።

አንተስ ልጄ? ያን ቀን ተደውሎ ሲነገርህ ማን አጠገብህ ነበር? ማን ያዘህ?

እናትህ አክበረት